በካርድ ላይ «በርታ» ስለሚባሉት ልጆች

በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ቀን፣ ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ጥቂት የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት እናት ስትወጣ ያያል። አንደኛዋ የልጅዋን ካርድ በእጅዋ እንደ ያዘች ለጎረቤት እያሳየች ትሄዳለች። ሁለተኛዋ ካርዱን አጥፋ ከነጠላዋ ሥር ትከተዋለች፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላታል። በካርዱ ላይ የተጻፈው «ከ61 ተማሪዎች 58ኛ» የሚል ነው። ከዚያ በታች፣ የመምህሩ አስተያየት በሚለው ቦታ፣ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ትገኛለች፤ «በርታ»።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣችኝ ይህች ቃል ናት። «በርታ» ክፉ ቃል አይደለችም። ዳሩ ግን ልጁ በምን ይበርታ? ፊደል መለየት አቅቶት ነውን? ፊደሉን ለይቶ ቃሉን መግጠም ነውን ያቃተው? ቃሉን እያነበበ ትርጉሙ ይጠፋዋልን? ወይስ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው አይታየውም? ወይስ ጧት ቁርስ ሳይቀምስ ይመጣል? ካርዱ ልጁ ስንተኛ እንደ ወጣ ይናገራል እንጂ ምን እንዳቃተው አይናገርም። ወላጅ በሚጠራበት ቀንም «ልጅዎን ቤት ውስጥ ይከታተሉ» ይባላል። ራስዋ ማንበብ ያልተማረች እናት የልጅዋን ንባብ በምን ትከታተል? ይህን የሚመልስላት ሰው እስካሁን አላየሁም።

የእኔ አሳብ አጭር ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ለሚቸገሩ ልጆች እናደርጋለን የሚሉት ድጋፍ ሁሉ ከመጀመሪያው ጥያቄ ዘሎ የሚጀምር ነው፤ ይኸውም «ይህ ልጅ የጠፋው የት ላይ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄውም መቅረብ ያለበት በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል፣ ፈተና ሲደርስ፣ ሳይሆን በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ነው።

ስለዚህ ነገር የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ነገር ግን ማንም አላወቀብኝም። በክፍላችን ውስጥ ንባብ ማለት መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ እኛ ሁላችን በአንድ ድምፅ እንደግማለን፤ እንዲህ እያልን ገጹን እንጨርሳለን። በቤትም ታላቅ እኅቴ ማታ ማታ የነገውን ገጽ ታነብልኝ ስለ ነበር በጆሮዬ እይዘው ነበር። ተነሥተህ አንብብ ስባል መጽሐፉን ከፊቴ ገልጬ ሳልደነቃቀፍ አወርደዋለሁ፤ ቅጠሉንም በጊዜው እገልጣለሁ። «ጎበዝ» ተብዬ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን አዲስ የተመደበችልን መምህርት የአንድ ገጽ ቁጥር ነግራኝ አንብብ አለችኝ። እኔም ያን ገጽ ገልጬ የሌላ ገጽ ንባብ በቃሌ ወረድሁት። ልጆቹ ሳቁ። መምህርቲቱ አልሳቀችም፤ አልመታችኝምም። በዕረፍት ሰዓት አስቀረችኝና ከቁራሽ ካርቶን መካከል ላይ የአንድ ፊደል መጠን ያላት ቀዳዳ ቀደደች። ካርቶኑን በገጹ ላይ እያንሸራተተች፣ አንድ ጊዜ ከመካከል፣ አንድ ጊዜ ከታች፣ በቀዳዳው የሚታየውን ፊደል «ይህ ማነው?» እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። በሩብ ሰዓት ውስጥ ምስጢሬ ተገለጠ። ግዕዙን ሁሉ አውቃለሁ፤ ካዕብና ሣልስም ብዙ አይከፉም፤ ከራብዕ ወዲያ ግን ኃምሱን ከሳድሱ፣ ሳድሱን ከሳብዑ እየቀላቀልሁ እንደ ዕውር እደናበር ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል በትምህርት ቤት ስቀመጥ ይህን የነገረኝ እርስዋ ብቻ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ በየዕረፍቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ከካርቶኗ ጋር ተቀመጥን። ለዚህ የተከፈላት ገንዘብ የለም፤ በሥራ መገምገሚያዋም ላይ የተጻፈላት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የሚቀመጠው ልጅ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። እርሱ እንደ እኔ በቃሉ የሚወርድ አልነበረም፤ ተነሥ ሲባል ተነሥቶ ዝም ይላል። ዝም ያለን ልጅ ደግሞ «ሰነፍ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በሒሳብ ግን፣ በቃል የሚጠየቅ ከሆነ፣ ማናችንም አንደርስበትም ነበር፤ ለእናቱ ሽንኩርት ሲሸጥ መልስ የሚቈጥርበትን ፍጥነት ያየ ሰው ሰነፍ ነው ለማለት አፉ አይደፍርም። በየዓመቱ ተዛወረ። አምስተኛ ክፍል ሲደርስ የትምህርቱ ዓይነት በዛ፤ መጽሐፉ ወፈረ። ስድስተኛ ክፍል ሳይጨርስ ቀረ። መዝገቡ «አቋረጠ» ይላል፤ እኔ እንደማውቀው ግን ያን ልጅ ያቋረጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ዛሬ በከተማችን ውስጥ ጎሚስታ ነው፤ ሥራውም ደኅና ነው። ባለፈው ክረምት ልጠይቀው ሄጄ ስንጫወት ስልኩን አወጣና «ብር ገብቶልኝ እንደ ሆነ እስቲ እይልኝ፤ ፊደሉ ደቀቀብኝ» አለኝ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ነው፤ ዓይኑም የጎማ ቀዳዳ ከርቀት ያያል። አነበብሁለት። እርሱም እንዳወቅሁ አውቆአል፤ ሌላ ነገር ተጫውተን ተለያየን።

እንግዲህ ያቺ የካርቶን ቀዳዳ አዲስ ጥበብ አልነበረችም። የኔታ ቤት የዋለ ሰው ያውቃታል። ሀሁን በተራ የቈጠረ ልጅ ወዲያው ወደ ንባብ አይሻገርም፤ አቡጊዳ ይጠብቀዋል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ፊደሉ ከተራው ወጥቶ ሲመጣበት፣ በዜማ የያዘውና በዓይኑ የለየው ተለያይተው ይታወቃሉ። ከዚያም ፊደለ ሐዋርያ፣ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ዳዊት ይከተላል፤ አንዱን ያልጨረሰ ወደ ሌላው አይሄድም፤ ታላቁ ተማሪም ታናሹን ያስቀጽላል። በቁርኣን ቤትም የልጁ ሉሕ ታጥቦ አዲስ ትምህርት የሚጻፍበት የቀደመውን ለመምህሩ ካሰማ በኋላ ነው። የጥንቱን ትምህርት ቤት እንዳለ መልሱልን ማለቴ አይደለም፤ አለንጋውም፣ ትርጉሙን ሳያውቁ መሸምደዱም፣ ሴት ልጅ ከደጅ መቅረትዋም የታወቀ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አቅርቦ «እስቲ አንተ አሰማኝ» ማለት የማይዘለል የቀን ተግባር ነበር። እኛ አለንጋውን ትተን (እርሱንም ሙሉ በሙሉ መተዋችንን እጠራጠራለሁ) ከእርሱ ጋር ማሰማቱንም ጣልነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች እንዳይወድቁና በየዓመቱ እንዲዛወሩ ተደረገ። ይህ አሠራር ብዙ ተነቅፎአል፤ እኔ ግን በአሳቡ ላይ ጠብ የለኝም። አንድን የሰባት ዓመት ልጅ ወድቀሃል ብሎ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መጽሐፍ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው መምህር ፊት አንድ ዓመት መልሶ ማስቀመጥ ድጋፍ አይደለም። ያልገባው ነገር በሁለተኛው ዓመት በምን ተአምር ይገባዋል? ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ ማፈርን ብቻ ይማራል። ስለዚህ ማዛወሩ መልካም አሳብ ነበር። አሳቡ ግን ሁለት እግር ነበረው፤ ልጁ ይዛወራል፤ መምህሩም በተከታታይ ምዘና የጎደለውን እያየ ይሞላለታል የሚል ነው። የመጀመሪያው እግር በሰርኩላር ስለሚፈጸም ወዲያው ተፈጸመ። ሁለተኛው እግር ጊዜ፣ ሰውና ገንዘብ ስለሚጠይቅ ቀረ። ተከታታይ ምዘና የተባለውም በብዙ ቦታ ተከታታይ የማርክ መሙላት ሆነ፤ አሥር ከአሥር፣ ስምንት ከአሥር፣ አምስት ከአሥር። አምስት ያገኘው ልጅ የጎደለችው ሌላዪቱ አምስት ምን እንደ ሆነች የሚጽፍበት ቦታ በሮስተሩ ላይ የለም።

ውጤቱ ሳይታወቅ የቀረ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት የአገሪቱ ክፍሎች፣ በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች፣ ከ13 ሺህ የሚበልጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ አንድ በአንድ ተመዝኖ ነበር። በሲዳማ ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሁሉ የተሻለችው አዲስ አበባ ነበረች፤ በእርስዋም ከአሥር አንዱ እንዲሁ ዜሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት ተሻሻሉ፤ መምህራንም ስለ ንባብ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ዳሩ ግን ወደ ፊት እንቍጠር። በዚያ ምዘና ማግስት፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ሳይደግምና ሳያቋርጥ ከሄደ፣ በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል። የዚያ ዓመት ተማሪዎች የብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ሲነገር ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 ሆነ። አገር ደነገጠ። አንዳንዱ ተማሪውን ሰደበ፤ አንዳንዱ ፈተናውን፤ አንዳንዱ ቀድሞ የነበረውን ኩረጃ ጠቀሰ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ይኖራቸዋል። ነገር ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በሁለተኛ ክፍል ወንበር ላይ የነበረውን ዜሮ ያስታወሰ ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ የተደረገው ምንድን ነው? ማለፊያ ነጥብ ካላመጡት ውስጥ የተሻሉት ተመርጠው ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡና የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም እንዲማሩ ተደረገ። እኛ «ሪሜዲያል» የምንለው ማለት ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንባብያን መካከል በዚያ በር የገባችሁ ብዙ ናችሁ፤ በዚያም የምታፍሩበት ምክንያት የለም። የምለው ሌላ ነው። መንግሥት አንድ ሰው ወደ ኋላ ሲቀር ለይቶ መርምሮ፣ መምህር መድቦ፣ አልጋና ምግብ ሰጥቶ መርዳት እንደሚቻል በዚህ ፕሮግራም አሳይቶአል። የሚቻል ከሆነ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጎረምሳ ብቻ ስለ ምን ይሆናል? ለሰባት ዓመቱ ሕፃን አልጋ አያስፈልገውም። ሃያ ደቂቃና ቁራሽ ካርቶን ነው የሚያስፈልገው።

አሁን በአንደኛ ደረጃ ድጋፍ ተብለው ወደሚጠሩት ነገሮች ልለፍ። እኔ በልጅነቴ የደረስሁበት አንድ ለአምስት የሚባለው ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ደካሞችን ይረዳል ተባለ። በእኛ ቡድን ውስጥ የሆነውን ልናገር፤ ጎበዙ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ እኛ እንገለብጣለን፤ የቡድኑ መዝገብ ይፈረማል፤ ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ልጅ ልጅን ማስተማሩ ጥሩ ነገር ነው፤ ከላይ እንዳልሁት የኔታም ያደርጉት ነበር። ነገር ግን የኔታ ታላቁ ተማሪ ያስቀጸለውን በመጨረሻ ራሳቸው ያደምጡ ነበር። በእኛ ቡድን ግን የሚያዳምጥ አልነበረም።

ሁለተኛው የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ነው። ለማን እንደሚሰጥ ሄዶ ማየት ነው። በአብዛኛው የሚሰጠው ለፈተና ክፍሎች ነው፤ ምክንያቱም የትምህርት ቤቱ ስም የሚነሣውም የሚወድቀውም በእነርሱ ውጤት ነውና። ከእነርሱም ውስጥ በፈቃዱ የሚመጣው ቀድሞም ደኅና የነበረው ነው። የተቸገረው ልጅ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ወይም ከብት ይጠብቃል፤ ወይም ታናሽ እኅቱን አዝሎአል። ቢመጣም የሚያገኘው ያንኑ በሳምንቱ ውስጥ ያልገባውን ትምህርት፣ ከፍ ባለ ድምፅና በፍጥነት ነው። መምህሩም ቢሆን ከአምስት ቀን ሥራ በኋላ በስድስተኛው ቀን በነጻ አስተምር መባሉ ፍርድ አይደለም።

የማመሰግነው አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች በከተማው አስተዳደር ወጪ ቁርስና ምሳ መመገብ ጀመሩ። የራበው ልጅ ፊደል እንደማይታየው ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። ምገባው ዕርዳታ እየተባለ በልመና ሳይሆን ለሁሉ ልጅ በእኩል መቅረቡ ደግሞ ማንንም አያሳፍርም። ሌሎች ከተሞችና ገጠሩም በዚህ መንገድ ቢሄዱ ከብዙ ሴሚናር ይሻላል። የዓይንና የጆሮም ነገር እንዲሁ ነው፤ የልዩ ፍላጎት መምህር በየትምህርት ቤቱ ባይገኝም፣ በመስከረም ወር ልጁን ከሰሌዳው ስድስት ሜትር ላይ አቁሞ የተጻፈውን ለማስነበብ፣ ከጀርባውም ቆሞ በሹክሹክታ ስሙን ለመጥራት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ከኋላ የተቀመጠው «ደካማ» ወደ ፊት ቢመጣ ብቻ የሚድን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ቦታ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግብዝ እሆናለሁ። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተቸገረን ልጅ እንዴት እንደሚረዱት አናውቅም ማለት አንችልም፤ ከመካከላችን ብዙዎች በዚሁ ሥራ የኪስ ገንዘብ እናገኛለን። ማታ ማታ ቤት ለቤት እየሄድን የግል ትምህርት ቤት ልጆችን እናስጠናለን። እኔም አስጠንቻለሁ። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ከጎኑ ተቀምጠን «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ስንለው በሁለት ወር ውስጥ ሲለወጥ በዓይናችን አይተናል። እንግዲህ መድኃኒቱ አለ፤ በገበያ ላይ ይሸጣል። መግዛት የሚችል ወላጅ ልጁ ወደ ኋላ እንደ ቀረ ባወቀ በሳምንቱ አስጠኚ ይቀጥራል። የማይችለው ወላጅ ልጅ «በርታ» ይባላል።

መምህራኑን ልወቅስ አልተነሣሁም። ይህን የሚያነቡ መምህራን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በአንድ ክፍል ሊኖር የሚገባው 50 ልጅ ነው ተብሎ በደንብ ቢወሰንም በብዙ ቦታ ከዚያ ይበልጣል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ልስጥ ቢል የአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ በአርባኛው ልጅ ላይ ይደወላል። ነገር ግን በመምህሩ ላይ የተጫነው ችግር ከቍጥርም ያለፈ ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ለሚያስተምር ሠርተፊኬት፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ለሚያስተምር ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ዲግሪ ይበቃል ተብሎ ነበር። ኋላ መመዘኛው ከፍ ቢልም መሰላሉ በአሳባችን ውስጥ ቀርቶአል፤ ልጁ ባነሰ ቍጥር መምህሩም ማነስ ይችላል የሚል ነው። በትምህርት ቤቱ ውስጥም ርዕሰ መምህሩ ምድብ ሲሰጥ የተመሰከረለትን መምህር ለፈተና ክፍል ይይዘዋል፤ አዲስ የመጣው ወደ አንደኛ ክፍል ይላካል። አንደኛ ክፍል መመደብ እንደ ቅጣት የሚቈጠርበት ትምህርት ቤትም አውቃለሁ። ቤት ሲሠራ ከሁሉ የተካነው ግንበኛ መሠረቱን ትቶ ጣሪያውን ይያዝ የሚል ባለቤት አላየሁም።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ አገሩም እንደኛ ብዙ ሕዝብና ብዙ ድኻ ያለበት ነው። በሕንድ፣ በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2001 እስከ 2003 አንድ ሥራ ተሞክሮ ነበር። ፕራታም የተባለው ድርጅት ከየሠፈሩ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ቀጥሮ ሁለት ሳምንት ያህል አሠለጠነ። እነርሱም በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ከ15 እስከ 20 እያደረጉ ከመደበኛው ክፍል በቀን ሁለት ሰዓት ያህል እያወጡ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ሊያውቁት የሚገባቸውን ንባብና ቍጥር አስተማሩአቸው። የወጣው ገንዘብ በዓመት ለአንድ ልጅ ሁለት ዶላር ከሩብ ያህል ነው። ኋላ በ2019 የኖቤልን ሽልማት ከተቀበሉት መካከል የሆኑት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር መዝነውት የልጆቹ ዕውቀት በግልጽ ከፍ ብሎ አገኙት። ድጋፉ ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ጥቅሙ በከፊል መቀነሱንም ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። በሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ የሕንድ ገጠር የመንደር በጎ ፈቃደኞች ከትምህርት ሰዓት ውጭ የንባብ ትምህርት ከፈቱ። የተከታተሉት ልጆች ንባብ ጀመሩ፤ ነገር ግን ከመንደሩ ልጆች የመጡት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ስለ ቅዳሜው ማጠናከሪያ ካልሁት ጋር አንድ ነው። ድጋፉ ልጁ ባለበት ቦታና ባለበት ሰዓት፣ በትምህርት ቀን ውስጥ፣ መሰጠት አለበት።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን አሳብ ሳወያያቸው «የመንግሥትን ሥራ እኛ ልንሠራለት ነውን?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚሠራ ጉልበት ሲገኝ በጀት የሚይዘው ሰው ቸል እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለቱን አብረን እንያዝ። ከትምህርት ቢሮ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ከሁሉ የተመሰከረለት መምህር ወደ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ይመደብ፤ በዚያም ቢመደብ ደመወዙ ወይም ዕድገቱ አይጓደልበት፤ ወደ ኋላ ለቀሩት የሚያጠፋው ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ይቈጠርለት፤ በየመንፈቁም እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይነብብና የተገኘው ውጤት፣ ደረጃው ሳይሆን ያቃተው ነገር፣ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ከራሳችንም የምንጠይቀው አለ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በዚያ ዘመን የነበሩትን ተማሪዎች ሙሉ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልካቸው ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተማሩ ናቸው። እኔ የምጠይቀው አንድ ዓመት አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ነው።

ዝርዝሩ ይህ ነው። ከግቢያችን በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ሁለት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከመምህራኑ ፈቃድ ጋር የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ እናስነብብ፤ ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ያልቻሉትን በደረጃ ሳይሆን በጠፉበት ቦታ እንለያቸው፤ ፊደል የጠፋው ከፊደል፣ ቃል የጠፋው ከቃል። ለአሥር ልጅ አንድ ተማሪ እንመድብ። የክፍሉን መምህር ሥራ አንነካም፤ ከእርሱ ተምረን ለእርሱ እናስረክባለን። የትምህርት ፋኩልቲ መምህራኖቻችንም የማስተማር ልምምድ የሚወጡትን ተማሪዎች ከፊላቸውን ወደ ሁለተኛ ክፍል እንዲመድቡልን እንለምናለን። «እኛ የተማርነው ኢንጂነሪንግ ነው፤ ፊደል ማስቈጠር አንችልም» ለሚሉ ወንድሞችና እኅቶች መልሴ አጭር ነው፤ በማታ ለብር ስናስጠና ማንም ይህን ሲል አልሰማሁም።

አሳቡን በሚቀጥለው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በቃል አቀርበዋለሁ፤ የሚቃወም ካለም መጥቶ በግልጽ ይቃወም። የስም መመዝገቢያው ወረቀት ግን ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። በመጀመሪያው መስመር የእኔ ስም አለ። ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ክፍል የሌለው ሰው ከሁለተኛው መስመር ይጀምር፤ ከካርቶን ጋርም ይምጣ።